ልጅሽ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የሚተኛው ተብዬ ተጠራሁ

ሰሞኑን ለእረፍት አዲስ አበባ ነኝ። ባለፈው አራት ኪሎ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለን ወሬው ከኑሮ ውድነት ወደ ፒያሳ መፍረስ፣ ከፒያሳ ደግሞ ወደ አሜሪካ ዞረ። አንዷ ጓደኛዬ ባሏ ፕሮሰሱን ጨርሶላት ከሁለት ልጆቿ ጋር ልትሄድ ነው። "ስሚ፣ እዛ ሒሳቡ ውኃ ነው አሉ፤ የኛ ልጆች ሲሄዱ ሁሉም አንደኛ ነው የሚወጡት" አለችኝ። ከጎኗ የተቀመጠው ቀበል አድርጎ፣ "እንግሊዝኛው ነው እንጂ ሒሳብማ የትም አገር ሒሳብ ነው!" አለ። ሁሉም ተስማሙ።

እኔ ዝም አልኩ። በአንድ ማኪያቶ የሚያልቅ ወሬ አይደለማ። ይኸው እዚህ ልዘርግፈው።

መጀመሪያ በልጄ ትንሽ ልኩራ። እዚሁ አራዳ ነው ትምህርት የጀመረው። አንደኛ ክፍልን ሁለተኛ ወጥቶ ነው የጨረሰው፤ ያ ሁሉ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ማለት ነው። ደብተር ጀርባ ላይ የሚታተመውን የማባዣ ሰንጠረዥ ግማሹን በቃሉ ያወርደዋል። ሱቅ ስልከው መልስ አጉድሎ መጥቶ አያውቅም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ "ሲረሳ" የሚያስታውሰው እሱ ነው፣ እኔ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም ስል። እንዲህ ያለ ልጅ ይዤ ስሄድ ስለ ሒሳብ ቅንጣት አልተጨነቅኩም።

ሜሪላንድ ሁለተኛ ክፍል አስገቡት። ገና ወር እንኳ ሳይሞላን ከትምህርት ቤቱ ስልክ ተደወለ። ስለ ልጅሽ መነጋገር እንፈልጋለን አሉኝ። በቃ ሒሳቡን አይተው ደብል ሊያስመቱት ነው ብዬ ለባብሼ ሄድኩ።

የልጆች ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ጉልበቴ አገጬ ሊደርስ ምንም አልቀረው። መምህሯ አለች፣ አንዲት ካውንስለር አለች፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በስፒከር የተከፈተ ስልክ አለ፤ እዛ ውስጥ የማላውቀው ሀበሻ አስተርጓሚ። "ጤና ይስጥልኝ እህቴ" አለኝ። እሺ፣ የሚሆነውን ሁሉ እሱም ሊሰማ ነው። ካውንስለሯ መርዶ የምትነግረኝ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"ልጅሽ ማታ በስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?"

"3 ሰዓት። ከዛ አያልፍም" አልኩ፣ ኮራ ብዬ። በሰፈራችን ልጇን በጊዜ የምታስተኛ እናት ተብዬ የምታማ ሴት ነኝ።

አስተርጓሚው ሆዬ 3 ሰዓት ያልኩትን እንዳለ 3 ሰዓት ብሎ አወረደው። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ካውንስለሯ የሆነ ነገር ጻፈች። "ማታ ማታ ሥራ ትሄጃለሽ?" እሄዳለሁ፤ አዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ቤት ከልጁ ጋር እህቴ አለች። የመጀመሪያውን ብቻ ነው መሰለኝ የሰሙት። እንደገና ጻፈች። ያ የእስክሪብቶ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዛ ወረቀቱን አወጡት። የሒሳብ መልመጃ ነው። እዛ አገር ሁለተኛ ክፍል ላይ ሰዓት ማንበብ ግዴታ ነው፤ እስከ አምስት ደቂቃ ድረስ ለይተው፣ ጠዋትና ማታውን ነግረው። ወረቀቱ ላይ እጅ የሌላቸው ሰዓቶች ተደርድረዋል። ልጁ የራሱን ቀን እያሰበ እጆቹን ይስላል፤ ቀን ከሆነ ጎኑ ላይ ፀሐይ፣ ማታ ከሆነ ጨረቃ ያደርጋል። የኔ ልጅ በሚያምር አሳሳል፦ ቁርስ 1 ሰዓት፣ ፀሐይ። ትምህርት ቤት 2 ሰዓት፣ ፀሐይ። ምሳ 6 ሰዓት፣ ፀሐይ። እንቅልፍ 3 ሰዓት፣ ጨረቃ። አራቱም ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎባቸዋል።

በነሱ ንባብ እንግዲህ ልጁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይተኛል፣ ቁርሱን ከቀኑ 7 ሰዓት ይበላል፣ እናቱ ሌሊት ቤት የለችም። እንግሊዝኛ ስለማይችል ክፍል ውስጥ ዝም ማለቱን ደግሞ እንቅልፍ ማጣት ነው ብለውታል። ብሮሹር ሰጡኝ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት ይላል። እኔን! እኔን እኮ ነው!

ደሜ ፈላ። እርሳስ ተቀበልኩና ወረቀቱ ጀርባ ላይ ፀሐይ ሳልኩ። እኛ ቀኑን የምንጀምረው ሲነጋ ነው፤ ከነጋ አንድ ሰዓት ሲሞላ 1 ነው፣ እናንተ 7 የምትሉት። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ያኔ ነው የባነነው። "ውይ እህቴ፣ ይቅርታ" ብሎ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመረ፤ እሱም ይስቃል። መምህሯ ልጄን አስጠርታ "ትምህርት ቤታችን የሚጀምረው 8:45 ነው፤ በናንተ ስንት ነው?" አለችው። ዓይኑን ሳያርገበግብ "2:45" አላት። ስድስት ቀንሶ ማለት ነው፣ በጭንቅላቱ።

ፈረንጅ ግን አንድ ነገር ሲገርመው አይደብቅም፣ ይሄን እወድላቸዋለሁ። ለምን እንዲህ ትቆጥራላችሁ ብላ ጠየቀች። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምትወጣበት ሰዓት ብዙም አትነቃነቅም፤ በንጋት መቁጠር ያስኬዳል። ሜሪላንድ ላይ ብትሞክሩት ጉድ ነው፤ በሰኔ በነሱ አቆጣጠር ከ6 ሰዓት በፊት ነግቷል፣ በጥር ደግሞ ወደ 7 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። በዛ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወደፊት ወደኋላ ይጎትቱታል። ከዚህ ውስጥ ግን ልጄ አንድ ነገር አወጣ። አያቱ ጋ ለመደወል አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው ብሎ ከመጠየቅ፣ የነሱን ሰዓት ይዞ አንድ መደመር ብቻ ነው። ሜሪላንድ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ከሆነ አራት ኪሎ ከቀኑ 9 ነው። ሰዓታቸውን ወደኋላ ከመለሱ፣ ማለትም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ፣ ሁለት ይደመራል። ሞክሩት፣ ይሠራል። እኔ በስልክ አፕ ነበር የማየው።

እና በቃ ነገሩ ተፈታ ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ልጁን ቀድሞውኑ ለሒሳብ ድጋፍ ከክፍል እያወጡ የሚያስጠኑት ትንሽ ቡድን ውስጥ ከተውታል፤ ከዛ ለመውጣት ደግሞ ሌላ ፈተና መጠበቅ አለበት። ቀጣዩ ወረቀት ላይ "በዓመት ስንት ወር አለ?" ተብሎ 13 ብሎ ጻፈ፤ ተሰረዘበት። ጳጉሜን የት ያድርጋት?

ቀጥሎ ሳንቲም መጣ። ልጆቹ ሳንቲም ይቆጥራሉ፦ ፔኒ 1፣ ኒክል 5፣ ዳይም 10፣ ኳርተር 25። ዳይም ከኒክል ያንሳል፣ ዋጋው ግን እጥፍ ነው። ጭራሽ ላዩ ላይ 10 የሚል ቁጥር የለበትም፤ "አንድ ዳይም" ብቻ ነው የሚለው። ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ትልቁ ሳንቲም ይበልጣል ብሎ ቢደምር ማን ይፈርድበታል? የሚያስቀው ደግሞ እዛ አገር ሰው ሁሉ በካርድ ነው የሚከፍለው። ለውዝ ገዝቶ መልስ ቆጥሮ የሚያውቀው የኔ ልጅ ነው፣ ሳንቲም በእጁ ነክቶ የማያውቀው የክፍል ጓደኛው ግን ከሥዕል ላይ ለይቶ ሙሉ ያመጣል። ኢንቹንና ጫማውንማ ተዉት፤ 12 ኢንች አንድ ጫማ፣ 3 ጫማ አንድ ያርድ። ዓለም በአስር ሲቆጥር እነሱ ደስ ባላቸው ይቆጥራሉ።

ይሄ ሁሉ አልፎ ቁጥር ብቻ ሲሆንስ? 52 ሲቀነስ 38። እዚህ አስጠኚው እንዳሳየው ቁልቁል ጻፈው፣ ከአስር ቤት አንድ ተበደረ፣ 14 አለ። ልክ ነው። መምህሯ "እንዴት አወቅክ?" አለችው። "ቲቸር ነው ያሳየኝ" አላት። ነጥብ ተቀነሰበት። እነሱ የሚፈልጉት መስመር አስምሮ ከ38 ወደ 40 በ2 ይዝለል፣ ወደ 50 በ10፣ ወደ 52 በ2፣ ከዛ ዝላዮቹን ይደምር። ይህ ኮመን ኮር የሚባለው፣ በፈረንጆቹ 2010 የወጣው የትምህርት መለኪያ ውጤት ነው፤ ሜሪላንድ ተቀብላዋለች፣ አጠገቧ ያለችው ቨርጂኒያ ግን የራሷ አላት፣ ስለዚህ ወንዙን ስትሻገሩ ይለያል። በኮመን ኮር ቁልቁል መደመርና መቀነስን አቀላጥፎ መሥራት የሚጠበቀው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ማባዣን በቃል ማወቅም አለ፣ የለም እንዳትሉ፤ ሦስተኛ ክፍል ሲያልቅ እያንዳንዱን ባለ አንድ አሃዝ ብዜት በቃሉ ማወቅ አለበት።

እውነቱን ለመናገር "እንዴት አወቅክ?" የሚለውን ጥያቄ በኋላ ወደድኩት። እኛ በልጅነታችን ማን ጠየቀን? ሰባት ስምንት ስንት ነው ተብለን ካልመለስን መዳፋችን ላይ ማስመሪያ ነበር የሚያርፈው፤ ሃምሳ ስድስት የሆነበትን ምክንያት መጠየቅ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ግን እነሱም ያበዙታል። መልሱን የሳተ ልጅ ሁሉ "ጎበዝ" ተብሎ ስቲከር ተለጥፎበት ይመጣል። አንድ ቀን የኔው ግንባሩ ላይ ኮከብ ለጥፎ መጣ፤ ምን ሠርተህ ነው ስለው "ሞክሬ" አለኝ።

አሁን ወደ "አንደኛ ይወጣሉ" ልምጣ። የሚወጣ አንደኛ የለም። ካርድ ላይ ደረጃ የሚባል አይጻፍም፤ የሌላውን ልጅ ውጤት ወላጅ እንዲያይ ሕጉ አይፈቅድም። እማማ በየሴሚስተሩ ደውላ "ስንተኛ ወጣ?" ትለኛለች፤ ምን ልበላት? በኮምፒውተር የሚሰጠው ፈተናማ የባሰ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት በዓመት ሦስት ጊዜ ይፈተናሉ። ልጁ በመለሰ ቁጥር ጥያቄው ይከብዳል፣ በሳተ ቁጥር ይቀላል። ስለዚህ ጎበዙም ሰነፉም ወደ ግማሽ የሚሆነውን ይስታል፤ ፈተናው የተሠራው እንደዛ ነው። ልጃችሁ "ግማሹን ስቻለሁ" ብሎ እያለቀሰ ቢመጣ ቀበቶ እንዳትፈልጉ። ውጤቱ ላይ "70ኛ ፐርሰንታይል" ቢል ደግሞ ከመቶ 70 አገኘ ማለት አይደለም፤ ከእኩዮቹ ከመቶው 70ውን በልጧል ማለት ነው።

የአሜሪካ ልጅ ሁሉ ታብሌት ይዞ ሊቅ ነው ለምትሉም፣ በፈረንጆቹ 2024 በተሰጠው አገር አቀፍ ፈተና ከአራተኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ "ብቁ" የሚባለው ደረጃ ላይ የደረሱት 39 ከመቶ ናቸው። ደረጃው ጠበቅ ያለ ነው፣ ቢሆንም።

ስለዚህ አንቺ ጓደኛዬ፣ ልትሄጂ ሻንጣ እየሸከፍሽ ያለሽው፣ በርበሬውንና ሽሮውን ተይው፣ እዛም ይገኛል። ልጆቹን ከአሁኑ ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር አስለምጃቸው፤ የግድግዳ ሰዓትሽን አውርጂና እጁን እያዞርሽ "ይሄ በኛ ስንት ነው፣ በነሱ ስንት ነው?" በያቸው። የልደት ቀናቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር በደንብ አስቀይሪ፤ እዛ ክፍል የሚመደበው በዕድሜ ነው፣ በችሎታ አይደለም፣ በኛ የተጻፈውን ዓመት እንዳለ ከገለበጡት ልጅሽ በወረቀት ሰባት ስምንት ዓመት ታድጋለች። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለሽ፣ ጠይቂ፤ ግን ሰዓት ስትናገሪ በነሱ አድርገሽ ተናገሪ፣ ለአስተርጓሚው አትተዪለት። ማባዣውን ማስጠናትሽን እንዳታቆሚ። ብቻ ሲመልሱልሽ "እንዴት አወቅሽ?" በያቸው፤ በአማርኛ ይንገሩሽ፣ ምንም አይደለም፣ በአማርኛ ያልተብራራ ነገር በእንግሊዝኛ አይብራራም። ትንሿ ቡድን ውስጥ ቢከቷቸው ደግሞ እንደኔ አትንገብገቢ፤ አምስት ልጅ ይዞ የሚያስተምር መምህር እዚህ በገንዘብሽም አታገኚም።

የኔው አሁን አራተኛ ክፍል ጨርሷል። በዓመቱ መሃል ላይ አንድ ቀን እየሮጠ ገባና "እማዬ፣ ዛሬ አዲስ መቀነሻ አስተማሩን!" ብሎ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ቁልቁል ተጽፏል፣ ከአስር ቤት አንድ ተበድሯል።