የክረምት ዝናብን ቅርጽ የያዙ ናሙናዎችን እንዴት እንዳወጣሁ

ደብረ ማርቆስ ላይ ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ደወል የሚመስለውን ኩርባ በደንብ ያውቁታል። የጎጃም የቀን ዝናብ ግን እንደዚያ አይደለም። መጠነኛ ዝናብ የሚጥልባቸው ቀናት ይበዛሉ፤ ዶፍ የሚወርድባቸው ጥቂት ናቸው። ሲሳል ግራው የተከመረ፣ ቀኙ ረጅም ጭራ ያለው ነው። ይህንኑ ቅርጽ የያዙ ብዙ ናሙናዎች ማውጣት ፈለግሁ።

ኤክሴል የሚሰጠን የዘፈቀደ ቁጥር በ0 እና በ1 መካከል እኩል የተበተነ ነው። ወደምንፈልገው ቅርጽ የሚያሻግረን የስርጭቱ (ቁጥሮቹ የሚበተኑበት መልክ) የድምር ዕድል ቀመር ግልባጭ ነው፤ ቀመሩ ዝናቡ ከአንድ መጠን የማይበልጥበትን ዕድል ይሰጣል፣ ግልባጩ ደግሞ ከዕድሉ ተነስቶ መጠኑን። ለማስተማር ቀላሉን ኤክስፖነንሻል ስርጭት (ትንንሹ ቁጥር የሚበዛበት፣ ትልልቁ እየሳሳ የሚሄድበት) መረጥኩ፤ የዝናባማ ቀን አማካይ ለምሳሌ 12 ሚሊ ሜትር ይሁን አልኩ። የዘፈቀደውን ቁጥር ከ1 ላይ ቀንሱ። የቀረውን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ውሰዱ። በ12 አባዙና የመቀነስ ምልክቱን አንሱ። 0.5 ከወጣ 8.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ 0.9 ከወጣ 27.6። 0.99 ሲመጣ 55.3 ይደርሳል፤ ዶፉ ይሄ ነው! ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ፤ ጭራው ከየት እንደሚመጣ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ቀጥሎ እያንዳንዳቸው 30 ቀን የያዙ 1000 ናሙናዎች አወጣሁ። አማካዮቻቸው በ12 ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸውም (በአማካያቸው ዙሪያ የመበተናቸው መጠን) 2.2 ገደማ ነው። ቀኖቹ ያን ያህል ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ሆነው ሳለ፣ አማካዮቹ ደወል ወደ መምሰሉ ይጠጋሉ። ክፍሉ የሚነቃቃው እዚህ ላይ ነው።

አማካይ ብቻ አይቶ መርካት አይገባም። አማካዩም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም 12 የሆነ ደወል መሰል ስርጭት ብንወስድ፣ ከመቶ 16 ያህሉ ቁጥር ከዜሮ በታች ይወድቃል። እንዲህ ያለ ዝናብ የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሂስቶግራም (በየመጠኑ ስንት ቁጥር እንዳለ በዓምዶች የሚያሳይ ሥዕል) እሥላለሁ። ኤክሴል ሉሁ በተነካ ቁጥር ቁጥሮቹን ስለሚቀያይር፣ የወጣውን ወዲያው እንደ ቋሚ ዋጋ ገልብጬ አስቀምጣለሁ።

የተመዘገበ መረጃ ካለ የስታትስቲክስ ሊቁ ብራድሊ ኤፍሮን እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ቡትስትራፕ የተባለ ዘዴ አለ፦ ከመዝገቡ አንድ ቀን ማውጣት፣ መመለስ፣ ደግሞ ማውጣት። ቅርጹ ከራሱ ከመረጃው ይመጣል። ግን በመዝገቡ ከታየው ትልቁ ዝናብ የሚበልጥ ቀን በጭራሽ አይወጣም። የጎርፍ ቦይ ለሚሠራ ሰው ይህ ከባድ ክፍተት ነው፤ ለእሱ እንደ ጋማ ያለ፣ ከታየው በላይም ቁጥር ሊያወጣ የሚችል ስርጭት ከመረጃው ጋር ማስማማት ይሻላል።

የሐምሌ ቀናት ደግሞ አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዙ ናቸው። ዛሬ ከዘነበ ነገም የመዝነብ ዕድሉ ከፍ ይላል። የቀናቱ ተከታታይነት በሚያስፈልግበት ሥራ ላይ ቀን በቀን ሳይሆን የተያያዙ ቀናትን አንድ ላይ ነው የማወጣው።