የካንትን «የንጹሕ አመክንዮ ሂስ» ያነበብኩበት መንገድ

ይህ የጀርመናዊው ፈላስፋ የካንት መጽሐፍ ሁለት ዋና እትሞች አሉት፤ የ1781 እ.ኤ.አ. እና ብዙ ቦታ የተሻሻለው የ1787። ጥሩ ትርጉሞች የሁለቱንም ገጽ ቁጥር ኅዳጉ ላይ ያስቀምጣሉ፤ «ኤ» የፊተኛው፣ «ቢ» የኋለኛው። ቁጥሩ የሌለበት ቅጂ አይግዙ። ማብራሪያዎች ሁሉ የሚጠቅሱት በእሱ ነው።

ከትልቁ መጽሐፍ በፊት ካንት ራሱ በ1783 ያሳተመውን አጭር መጽሐፍ «ፕሮሌጎሜና» አነበብኩ። እዚያ የሒሳብንና የተፈጥሮ ሳይንስን መኖር ተቀብሎ «እንዴት ሊኖሩ ቻሉ?» እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። በ«ሂሱ» ግን ከመሠረቱ ጀምሮ ይገነባል፤ የሚገነባው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ማንበብ ደግሞ ያደክማል።

ከዚያ የሁለተኛውን እትም መግቢያ፣ ቀጥሎም ስለ ቦታና ጊዜ የሚናገረውን አጭር ክፍል። ብዙ አንባቢ የሚያቆመው «ዲዳክሽን» ላይ፣ ማለትም የአእምሮ መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች ለልምድ በትክክል እንደሚሠሩ ካንት በሚከራከርበት ክፍል ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ ዘለልኩት፤ ስለ ምክንያትና ውጤት የሚከራከርበትን «ሁለተኛ አናሎጂ» ካነበብኩ በኋላ ተመለስኩ። ካንት «ዲዳክሽኑን» በ1787 እንደ አዲስ ስለጻፈው የሁለቱን እትሞች ጽሑፍ ማደባለቅ ግራ ያጋባል። የመረጥኩት የኋለኛውን፣ ከአንቀጽ 15 እስከ 27 ያለውን ነው። አንቀጽ 20 ላይ ክርክሩ ያለቀ ይመስላል፤ አንቀጽ 21 ግን ገና መጀመሩ እንደሆነ ይነግረናል። ይህን ያላስተዋለ ሰው አንቀጽ 26ን ድግግሞሽ ያደርገዋል። እኔም አድርጌው ነበር።

በሰዓት ከአምስት ገጽ አላልፍም። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ዋናውን ግሥ አሰምርበታለሁ፤ «እሱ» ወይም «ይህ» የሚለው ወደ ምን እንደሚመለስ ካልለየልኝ ሁለተኛ ትርጉም አመሳክራለሁ። ተርጓሚዎችም እዚያው ላይ ሲለያዩ ይገኛሉ። ክፍሉ ሲያልቅ «ምን አረጋገጠ?» ለሚለው የአንድ መስመር መልስ እጽፋለሁ። መስመሩ በካንት ቃላት ብቻ ከሞላ አልገባኝም ማለት ነው።

የቃላት ደብተርም ያስፈልጋል። «ትራንሰንደንታል» ዕውቀት እንዲኖር የሚያስችለውን ሁኔታ ይመለከታል፤ «ትራንሰንደንት» ከልምድ ድንበር የሚያልፈውን። ችግሩ ካንት ራሱ አንዳንዴ ያቀላቅላቸዋል፤ ስለዚህ ፍቺውን ከገጽ ቁጥሩ ጋር ነው የምጽፈው።

«አንቲኖሚዎች» ላይ፣ ማለትም ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦች እያንዳንዳቸው የተረጋገጡ በሚመስሉበት ክፍል ላይ ሲደርሱ ደግሞ አቀማመጡን ልብ ይበሉ፦ በመጀመሪያው ኅትመት መነሻው ሐሳብ በግራ ገጽ፣ ተቃራኒው በቀኝ ትይዩ ነው የታተሙት። ይህን አቀማመጥ በያዘ ቅጂ ገጹን በተራ የሚያነብ ሁለቱን ክርክር አንድ ያደርጋቸዋል። ግራውን እስከ መጨረሻ ይጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ቀኙ ይመለሱ።