ያልታጠበ አፍንጫ ያሳሳተኝ የሂስታሚን ልኬት

አፍንጫን አጥቦ ሂስታሚን የመለካት ሥራውን ስጀምር፣ የአለርጂ ሕመምተኛ አፍንጫ በሂስታሚን (በአለርጂ ጊዜ ከሴሎች በሚለቀቀው፣ በሚያስነጥሰው ኬሚካል) የተሞላ፣ የጤነኛው ደግሞ ባዶ ሆኖ እንደማገኘው እርግጠኛ ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ለክቼ ሁለቱን ቡድኖች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ግን ቁጥሮቹ ተደበላልቀው ጠበቁኝ። ከሁሉም ከፍተኛው እንዲያውም የአንድ ጤነኛ ተሳታፊ ነበር። ስሌቱን ደጋግሜ አየሁት፤ ስህተት የለበትም።

አወሳሰዱ ቀላል ነው። ተሳታፊው ራሱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ምራቁን ሳይውጥ ይቆያል። በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ 5 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) እጨምራለሁ፤ 10 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ጎንበስ ይልና ወደ ኩባያ ያፈሰዋል። ኩባያው ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጣል፣ ንፍጡና ሴሎቹ በቀዝቃዛ ሴንትሪፊዩጅ ይለያሉ፣ ጥርት ያለው ፈሳሽ በትናንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ ይቀዘቅዛል። ልኬቱ በኤላይዛ፣ ማለትም አንቲቦዲ የሚፈለገውን ንጥረ ነገር በሚይዝበት ምርመራ ነው። ሂስታሚን በጣም ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ አንቲቦዲው እንዲይዘው አስቀድሞ አሲሌት መደረግ (በኬሚካል ተጨማሪ ቁራጭ ሊያያዝበት) አለበት፤ ይህን ደረጃ የቸኮልኩበት ቀን የስታንዳርዱ መስመር (መጠናቸው ከሚታወቅ ናሙናዎች የሚሠራው ማነጻጸሪያ) ተበላሽቶብኛል።

ችግሩ ግን ላቦራቶሪው ውስጥ አልነበረም። በመጀመሪያው እጥበት የሚወጣው ሂስታሚን ንፍጥ ውስጥ ሲጠራቀም የቆየ ነው፤ አፍንጫ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ሂስቲዲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ሂስታሚን ይሠራሉ። ስለዚህ አሁን በተከታታይ 4 ጊዜ አጥባለሁ፣ የመነሻ ልኬት የምለውም የመጨረሻውን ነው። ከዚያ አለርጂ አምጪው የሌለበትን ማሟሟያ ብቻ እረጫለሁ፣ ቀጥሎ የአበባ ብናኙን። ሐኪም ሳይኖር፣ አድሬናሊን ሳይዘጋጅ ይህን አላደርግም፤ አስሙ ያልተረጋጋ ሰውም አይሳተፍም።

ልዩነቱ የታየው እዚህ ነው። በሕመምተኛው አፍንጫ ውስጥ አይጂኢ የተባለውን የአለርጂ አንቲቦዲ የተሸከሙት ማስት ሴሎች (የሰውነት መከላከያ ሴሎች) በደቂቃዎች ውስጥ ያጠራቀሙትን ሂስታሚን ይለቃሉ፤ ያስነጥሰዋል፣ ቀጥሎ የተወሰደው እጥበትም ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። ጤነኛው ላይ ያው መጠን ተረጭቶ ምንም አይንቀሳቀስም። ቲሹ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ሂስታሚንን ቶሎ ስለሚያፈርሱ የዘገየ እጥበት ጫፉን ያልፈዋል። ሰዓት ያዥ ሌላ ሰው ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ግን የናሙናው መቅጠን ጉዳይ ነው። ያፈሰስነው ውሃ ሁሉ አይመለስም፤ አለርጂ የተነሳበት አፍንጫ ደግሞ የራሱን ውሃ ይጨምርበታል። ይህን ለማስተካከል ሂስታሚኑን በናሙናው ውስጥ ላለው አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) አካፈልኩት፤ ያገኘሁት ልዩነትም ጠፋ! ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው፦ ሂስታሚን ራሱ የደም ሥሮችን ከፍቶ አልቡሚንን ያስወጣል፣ ስለዚህ አካፋዩም ተካፋዩም አብረው ያድጋሉ። አሁን ከደም ወደ አፍንጫ ፈሳሽ በነፃ የሚያልፈውን ዩሪያ በደምና በእጥበቱ እለካለሁ፣ የሁለቱ ልዩነት ናሙናው ምን ያህል እንደቀጠነ ያሳየኛል፤ የተመለሰውን መጠንም በሚሊ ሊትር እመዘግባለሁ።

መድኃኒት ላይ ደግሞ ጥያቄዬን ቀይሬያለሁ። «ፀረ አለርጂ ወስደሃል ወይ?» ስል «አይ» ያለኝ ሰው የጉንፋን ክኒን ወስዶ ነበር፤ ክኒኑ ውስጥ ፀረ ሂስታሚን አለ። አሁን በቅርቡ የዋጡትን ሁሉ ስሙን አስጽፋለሁ። ጉንፋን ያለበትንም ቀጠሮውን አራዝማለሁ።

ከሰዓታት በኋላ ሂስታሚን እንደገና ከፍ ሲል ካያችሁ ማስት ሴሎቹ እንደገና ፈነዱ አትበሉ። ያኔ ማስት ሴሎች የሚለቁት ሌላ ኬሚካል፣ ፕሮስታግላንዲን ዲ2፣ አብሮ አይጨምርም፤ ምንጩ በአብዛኛው ባዞፊሎች (ሂስታሚን የሚይዙ ነጭ የደም ሴሎች) እንደሆኑ የሚታሰበው በዚህ ነው። ሂስታሚን ብቻውን ከየት እንደመጣ አይናገርምና ከናሙናው በዋናነት ማስት ሴሎች ለሚለቁት ኢንዛይም፣ ለትሪፕቴዝ፣ ልኬትም አስቀሩ።

ያን በመጀመሪያው ዙር ከሁሉም የበለጠውን ጤነኛ መልሼ ጠራሁት። ከ4 እጥበት በኋላ ልኬቱ ከዝቅተኞቹ ተርታ ገባ፤ ብናኙ ሲረጭበትም እዚያው ቀረ።