ካቦው፣ ሼፉና አንድ የላቲን ስም

ላቲን የጀመርኩት ማታ ማታ፣ ለብቻዬ ነው። ዘዴዬ ቀላል ነበር። ስሙን ከነትርጉሙ ካርድ ላይ እጽፍና እሸመድዳለሁ። «ካፑት፦ ራስ።» አለቀ፣ ቀጣይ!

አላለቀም። ከሳምንት በኋላ «ካፒቲስ» ገጠመኝና ጭራሽ ሌላ ቃል መሰለኝ። ለካ ያው ካፑት ነው፤ «የራስ» ሲባል እንዲህ ይለወጣል። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚጽፋቸው ወዶ አይደለም፤ ግንዱ «ካፒት» የሚታየው ሁለተኛው ላይ ነው። ካርዶቼን በሙሉ እንደገና ጻፍኩ።

ቀጥሎ «ካፒታ» መጣ። እንደ «ሮዛ» (ጽጌረዳ) በ«አ» ስለሚያልቅ ነጠላ የሴት ስም አደረግኩት። ካፑት ግን ወንድም ሴትም አይደለም፤ ላቲን ሦስተኛ ጾታ አለው። የዚህ ጾታ ስሞች ሲበዙ በ«አ» ያልቃሉ፤ ባለቤትም ሆኑ ተሳቢ መልካቸው አንድ ነው። ካፒታ «ራሶች» ነው ማለት ነው። ኢኮኖሚስቶች የሚወዱት «ፐር ካፒታ» በቁሙ «በየራሱ» ነው። እኛ ነፍስ ወከፍ እንላለን። ላቲኑ ራስ ይቆጥራል፣ አማርኛው ነፍስ። የኛው ይሻለኛል።

ቃሉ የጣመኝ ግን ዘሮቹን ስከተል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ «ሼፍ» ሆነ፣ አለቃ ማለት ነው፤ እኛ የወሰድነው የወጥ ቤቱን አለቃ ብቻ ነው። ጣሊያን ውስጥ «ካፖ» ሆነ፤ ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛውን የሚያሯሩጠው ካቦ የመጣው ከዚያ ነው። በፖርቱጋልኛ «ካቦ» ወደ ባሕር የገባ የመሬት ጫፍ ነው፤ ኬፕ ቨርዴ በአገሯ ካቦ ቬርዴ የምትባለው በሱ ነው። ካፒቴንና ካፒታልም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። እኛስ? ራስ እገሌ፣ ርእሰ ከተማ፣ ርእሰ አንቀጽ። ግዕዝም ያንኑ መንገድ ሄዷል።

የሚገርመው፣ አንገት ላይ ያለውን ራስ ፈረንሳይና ጣሊያን ለሌላ ቃል ሰጥተውታል። ለ«ቴስታ»፣ ድሮ ሸክላ ወይም ገል ለነበረው። የራስ ቅል እንል የለ? ለኛ ቅል፣ ለነሱ ገል። ሮማንያዎች ግን ዛሬም «ካፕ» ይሉታል።

አንዴ ተሸውጃለሁ። ጀርመኖች የተበላሸ ነገርን «ካፑት» ሲሉ ሰምቼ በደስታ ካርዱ ላይ ጨመርኩት። በቀጥታ ከላቲኑ ካፑት የወጣ አይደለም፤ ከፈረንሳዮች የካርታ ጨዋታ የመጣ ቃል ነው። በቀይ ሰርዤዋለሁ፤ ስርዙ ግን እዚያው ካርዱ ላይ አለ።