ከቦሌ እስከ ደለስ፦ የ17 ሰዓት መሄጃ፣ የ13 ሰዓት መመለሻ

በሰኔ 2011 ዓ.ም. ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖረውን እህቴን ልጠይቅ ስነሳ፣ ከዋዜማው ትዝ የሚለኝ የሻንጣው ሚዛን ነው። ለአንድ ሻንጣ የተፈቀደው 23 ኪሎ ስለነበር እናቴ በርበሬውንና ሽሮውን እያስገባች በእጅ ሚዛን ታንጠለጥለዋለች፤ ቁጥሩ ሲያልፍባት የኔን ልብስ ታወጣለች። «ሽሮው ከሚቀር ጫማህ ይቅር» አለችኝ። የምሳፈርበት አውሮፕላንም በዚያው ምሽት ተመሳሳይ ጣጣ እንዳለበት ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በአየር ያለው አጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዛሬ አውሮፕላን ይህን ያህል ርቀት ሳያርፍ መብረር አያቅተውም፤ ችግሩ መነሻው ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ የሞተሩ ጉልበትም የክንፉ የማንሳት አቅምም ስለሚቀንስ፣ መንገደኛና ጭነት የሞላ አውሮፕላን ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ እንደ እናቴ ያደርጋል፤ ከነዳጁ ቀንሶ ይነሳና የጎደለውን መንገድ ላይ ይሞላል።

የእኛ አውሮፕላን የሞላው ዱብሊን ነበር። በግድግዳ ካርታ ላይ አየርላንድ ከመንገድ የወጣች ትመስላለች። መሬት ድቡልቡል ስለሆነች ግን አጭሩ መንገድ ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንቶ በአውሮፓ በኩል የሚያልፍ ነው፤ በዱብሊን መዞር የሚጨምረው ርቀት 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስምንት ሰዓት ያህል በርረን፣ ሊነጋጋ ሲል አረፍን። ከመቀመጫችን ሳንነሳ የነዳጅ ቦቴው ክንፉ ሥር ሲጠጋ በመስኮት አየሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው «ደረስን እንዴ ልጄ?» ሲሉኝ፣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ መሆናችንን መንገር ከበደኝ።

ደለስ፣ የዋሽንግተን አየር ማረፊያ፣ ያረፍነው ከቦሌ ከተነሳን ከ17 ሰዓት በኋላ ነው። የእጅ ሰዓቴ 9 ከሩብ ይላል፤ የአየር ማረፊያው ሰዓት ደግሞ 8 ከሩብ። በበጋቸው በእኛና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሰዓት ቢሆንም፣ ስድስቱን የእኛ አቆጣጠር ስለሚያጣፋው በሰዓቱ ፊት ላይ የሚታየው ልዩነት አንድ ብቻ ነበር። እኔም ሰዓቴን ሳላስተካክል አንድ እየቀነስኩ ሰነበትኩ።

በመልሱ ጊዜ ማረፊያ አላስፈለገንም። ደለስ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል፤ በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስም ከኋላው ይገፋዋል። ረፋድ ላይ ተነስተን በ13 ሰዓት ያህል ቦሌ ደረስን። ሻንጣው ግን ያው 23 ኪሎ ስለነበር፣ ለእናቴ የተላከው ቪታሚንና ሎሽን ገብቶ የኔ ጃኬት እህቴ ቤት ቀረ።