አደይ ወይስ መጭ? የደሴን ቢጫ አበቦች መለየት

በመስከረም ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ቦሩ ሜዳ፣ ከጦሳ ግርጌ እስከ ገራዶ ያለው መስክ ቢጫ ይለብሳል። የከተማ ሰው ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራዋል፦ አደይ። ገበሬው ግን ማሳው ዳር የቆመውን አይቶ «ይሄማ መጭ ነው» ይላል፤ ልክም ነው። ለመለየት 10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያና ትዕግሥት ይበቃል። ትዕግሥቱ ያስፈለገው ወሳኙ ምልክት ያለው ፍሬው ላይ ስለሆነ ነው፤ ፍሬ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ አይደርስም።

አደይም፣ አረሙ መጭም፣ ኑግም የሱፍ ዘመዶች ናቸው። እንደ ሱፍ ሁሉ አንድ አበባ የሚመስለን ነገር የብዙ ጥቃቅን አበቦች እቅፍ ነው፤ ዳር ዳሩን ምላስ የመሰሉ፣ መሀል ላይ ቱቦ የመሰሉ። ከዚህ በኋላ «ራስ» ሲባል ሙሉው እቅፍ ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው የዳሩን ምላሶች ከመቁጠር ነው። አይረዳም። በመጭም በኑግም ብዙ ጊዜ 8 ናቸው፣ በአደይም 8 ማግኘት የተለመደ ነው። የቢጫው መድመቅም አይለይም፤ ከላይ ብቻ የተነሣ ፎቶ አይቶ ስም መስጠት የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቅጠሉ ግን ከሩቅም ይናገራል። መታየት ያለበት ከግንዱ መሀል ያለው ቅጠል ነው። የመጭና የኑግ ቅጠል ወጥ ነው፦ ዳሩ ላይ ጥርስ ቢኖረውም አይሰነጠቅም፣ ማንጠልጠያ ዘንግ የለውም፣ ሥሩ ግንዱን አቅፎ ይቀመጣል። የአደይ ቅጠል ወደ መሀል ጅማቱ ተሰንጥቆ ይገባል፤ አንዳንዱ እንደ ካሮት ቅጠል ይበጣጠሳል። ስህተት የሚመጣው ከጫፉ ነው፤ ከአበባው ሥር ያሉት የመጨረሻ ትንንሽ ቅጠሎች አደይም ላይ ሳይሰነጠቁ ሊቀሩ ይችላሉ። ፍየል የበላው ተክል እንደገና ሲያቆጠቁጥ የሚያወጣው ቅጠልም መልኩን ይቀይራል፤ እንዲህ ያለውን ትቶ ያልተነካ መፈለግ ይሻላል።

ቀጥሎ ራሱን ገልብጡት። ከሥሩ አረንጓዴ ሽፋኖች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። በመጭና በኑግ የውጪዎቹ 5 ያህል ናቸው፤ ሰፋ ያሉ፣ ቅጠል የሚመስሉ። በአደይ የውጪዎቹ ጠባብ አረንጓዴ ናቸው፣ የውስጦቹ ግን ስስ፣ ቡናማ መስመር ያለባቸው፣ ዳራቸው ብርሃን የሚያሳልፍ። ይህን ከለመዳችሁ በኋላ ቅጠሉን ሳታዩ እንኳ መለየት ትችላላችሁ።

እርግጠኛ ለመሆን ራሱን በጥፍር ሰንጥቃችሁ ከመሀል አንድ የቱቦ አበባ አውጡ። በመጭና በኑግ ቱቦው ሥሩ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ከቦታል፤ በአደይ ይህ የጸጉር ቀለበት የለም። አበባ ላይ ካሉት ምልክቶች ሁሉ የምተማመንበት ይህን ነው። አንድ ችግር አለው፦ የደሴ የመስከረም ጠዋት ጉምና ጤዛ ነው፣ የረጠበ ጸጉር ደግሞ ተለጥፎ አይታይም። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ጤዛው ሲረግፍ ማየት ነው። አንድ ራስ አይበቃም፤ ከ3 የተለያዩ ተክሎች አንዳንድ ውሰዱ።

አሁን ወደ ፍሬው። የመጭና የኑግ ፍሬ ጥቁር፣ አንጸባራቂ፣ ማዕዘን ያለው ሆኖ ጫፉ መላጣ ነው። የአደይ ወገን ፍሬ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ በብዙዎቹ ጫፉ ላይ ሁለት ቀንድ ይበቅላል። የወገኑ ሳይንሳዊ ስም ቢደንስ በላቲን «ባለሁለት ጥርስ» ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው። ጨጎጊትም የዚሁ ወገን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ቦርከና ዳር ተመላልሶ ሱሪው ላይ ጥቁር መርፌ የተሰካበት ሰው የአደይን የቅርብ ዘመድ ይዞ ነው ቤቱ የገባው፤ መርፌውን በአጉሊ ቢያየው ቀንዶቹ ላይ ወደ ኋላ የዞሩ መንጠቆዎች ያገኛል።

አደይ ራሱ አንድ ዝርያ አይደለም። በአገራችን በዚህ ስም ከሚጠሩት መካከል ቢደንስ ማክሮፕቴራ፣ ቢደንስ ፓኪሎማና ቢደንስ ፕሬስቲናሪያ ይገኙበታል። የሁለቱ ስም ራሱ መፍቻ ነው፦ በግሪክ ማክሮፕቴራ «ትልቅ ክንፍ»፣ ፓኪሎማ «ወፍራም ጠርዝ» ነው፤ የሚናገሩትም ስለ ፍሬው ነው። ፍሬው ዙሪያውን ስስና ሰፊ ክንፍ ካለው ወደ መጀመሪያው፣ ጠርዙ ወፈር ካለ ወደ ሁለተኛው ማዘንበል ይቻላል። በቅጠሉ አቆራረጥ ብቻ እነዚህን መለየት አደገኛ ነው፤ ጥላና ድርቅ ቅጠሉን ይለውጡታል። የድሮ የዕፅዋት ዝርዝር የምታዩ ደግሞ አንዳንዶቹን ኮሪኦፕሲስ በሚል ስም ታገኟቸዋላችሁ። ይህን ወገን በደንብ ያጠናው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ነው፤ ከቢደንስ ማክሮፕቴራ ቀጥሎ «መስፍን» ተብሎ የሚጻፈውም ስሙን ያስተካከለው እሱ ስለሆነ ነው።

ፍሬው እንዲያመልጣችሁ ካልፈለጋችሁ በመስቀል ሰሞን ያያችሁት ተክል ግንድ ላይ ቀይ ክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩና በጥቅምት መጨረሻ ተመለሱ። ክር ሳያስሩ መመለስ ዋጋ የለውም፤ ምላሱ ከረገፈ በኋላ የትኛው የትኛው እንደነበር ማንም አያውቅም።

መጭና ኑግ እርስ በርሳቸው የበለጠ ይቀራረባሉ፤ ይዳቀላሉም። ስለዚህ ኑግ ማሳ ዳር መሀከለኛ መልክ ያለው ተክል ብታገኙ አትደንግጡ፣ በግድም ወደ አንዱ አትመድቡት። ሻካራ ቅጠል የመጭ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ ያለው ስካብራም «ሻካራ» ማለት ነው። የኑግ ራስ ተለቅ ይላል፣ ፍሬውም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የአረሙ መጭ ፍሬ ያንሳል፣ ሲደርስም በቀላሉ ይረግፋል። ይህ ለገበያም ይጠቅማል፦ ሰኞ ገበያ ኑግ ስትገዙ አንድ እፍኝ ነጭ ሳህን ላይ ዘርግፉና ትንንሾቹን ከረጃጅሞቹ ለዩ፤ ምን ያህል መጭ እንደተቀላቀለበት እዚያው ይታያል።

ለማቆየት የምትፈልጉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅርንጫፍ ይበቃችኋል። ጋዜጣ መካከል አድርጋችሁ በካርቶን ግጠሙና ከባድ ነገር ጫኑበት። አንዱን ራስ ፊቱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጉ፤ አለዚያ ከደረቀ በኋላ ሽፋኖቹ አይታዩም። ጋዜጣውን በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት በየቀኑ መቀየር ግድ ነው። በደሴ እርጥበት አንድ ቀን ከታለፈ ይሻግታል፣ ቅጠሉም ይጠቁራል። ፍሬውን በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ የቦታው ስም፣ ከፍታው፣ የአፈሩና የአካባቢው ዓይነት፣ የምላሱ ቀለም ይጻፍ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ይለወጣልና። እንዲህ የተዘጋጀ ናሙና ሲኖራችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ካለው ጋር ማስተያየት ይቻላል።

አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነው። ከነሥሩ የተነቀለ ወይም ፍሬ ሳያፈራ የታጨደ ተክል ለሚቀጥለው መስከረም ምንም አይተውም። ለናሙና ከ20 ተክል ከ1 በላይ አትቁረጡ፤ ከ20 ያነሰ ከቆመበት ቦታ ፎቶ ብቻ ውሰዱ። ፎቶውም 4 ይሁን፦ ሙሉ ተክሉ፣ የመሀሉ ቅጠል፣ የራሱ ጀርባ፣ ማስመሪያ አጠገብ ያለ ፍሬ። ተመልክታችሁ የጨረሳችሁትን ፍሬ እዚያው፣ ያነሣችሁበት መሬት ላይ በትኑት።