በፕሪየስ 200 ነጥብ

ትናንት ማታ ግራን ቱሪዝሞ 4 በሚባለው የመኪና ውድድር ጌም ላይ በፕሪየስ፣ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ በሚሄደው የቶዮታ ሃይብሪድ መኪና፣ አሸነፍኩ፣ ያውም ሙሉ 200 ነጥብ በሚሰጥ ሬስ፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሆኜ ያ የመጨረሻው ኩርባ ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። በጣም ደስ ብሎኛል። ጌም የማይጫወት ሰው መኪና መኪናን ቀደመ፣ በቃ፣ ምኑ ይገርማል ሊል ይችላል፣ ለዚህ ነው ከነምክንያቱ ማስረዳት የፈለግኩት።

ጌሙ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የወጣ የፕሌይስቴሽን 2 ጌም ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ700 በላይ መኪና አለው፣ ከ1886ቱ ባለ ሦስት እግር ቤንዝ ጀምሮ እስከ ፈረንሳዩ የ24 ሰዓት ውድድር «ለ ማን» መኪኖች ድረስ፣ እና እኔ አሁንም እሱኑ ነው የምጫወተው ምክንያቱም ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ዲስኩ ካልተጫረና ሜሞሪ ካርዱ ደህና ከሆነ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ቁጭ ብለህ የጀርመኑ የውድድር መንገድ ኑርቡርግሪንግ ላይ ትነዳለህ። አዳዲሶቹ ጌሞች ያምራሉ፣ አልክድም፣ ግን ይሄኛው ውስጥ ሌላ ቦታ ያላገኘሁት አንድ ነገር አለ፣ ኤ ስፔክ ፖይንት የሚባለው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሬስ ልትገባ ስትል ጌሙ የአንተን መኪና ከአምስቱ ተፎካካሪዎችህ ጋር ያመዛዝንና ብታሸንፍ ስንት ነጥብ እንደምታገኝ አስቀድሞ ይነግርሃል። መኪናህ ከነሱ በጣም የሚበልጥ ከሆነ የምታገኘው አንድ ሁለት ነጥብ ነው፣ እኩል ከሆናችሁ ይጨምራል፣ የአንተ በጣም ደካማ ከሆነ ደግሞ እስከ 200 ይደርሳል፣ ከዛ በላይ የለም። የሚገርመው የሽልማቱ ብር ሁለቱም ጋ ያው ነው። ማለትም ብር ለፈለገ ሰው 600 ፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ይዞ ገብቶ መጨረስ ይችላል፣ አብዛኛው ሰውም እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ብቻውን ነው የሚነዳው። ነጥቡን የሚፈልግ ግን መንዳት አለበት። ይህን ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም አከብረዋለሁ፣ ምክንያቱም መኪና መግዛትና መኪና መንዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በቁጥር አስቀምጦታል።

ለምን ፕሪየስ ለሚለው፣ አንደኛ የመጀመሪያው ግራን ቱሪዝሞና የመጀመሪያው ፕሪየስ የወጡት ጃፓን ውስጥ በአንድ ወር ነው፣ ዲሴምበር 1997። ይህን ሳውቅ ጀምሮ አንድ ቀን አገናኛቸዋለሁ እል ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ግን ዋናው ነው፣ መኪናው ራሱ ገብቶኛል፣ እንዴት እንደሚሠራ ካነበብኩ በኋላ ዝም ብሎ ዘገምተኛ መኪና ሆኖ አልታይ አለኝ።

እኔ የያዝኩት የ2003ቱን ነው። ሞተሩ 1.5 ሊትር ነው፣ እዚህ አገር መንገዱን የሞላው የቪትዝ ቤተሰብ ሞተር ነው፣ ዋን ኤንዜድ የሚባለው፣ ነገር ግን ፕሪየስ ላይ ያለው 77 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ የቪትዙ ባለ 1.5 ከ100 በላይ ሲሰጥ። ያነሰው ሆን ተብሎ ነው። አየር ማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ነው የሚዘጋው፣ ፒስተኑ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ በኋላ የገባው አየር ጥቂቱ ተመልሶ ይወጣል፣ ስለዚህ የሚቃጠለው ያንሳል፣ ግን የተቃጠለው ነገር ረጅም ርቀት ገፍቶ ነው የሚወጣው፣ ጉልበቱ በጭስ ማውጫ በከንቱ አይሄድም። የጎደለውን የሚሞላው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፣ 50 ኪሎዋት፣ ከቆመበት ሲነሳ ጀምሮ 400 ኒውተን ሜትር ይገፋል። እና ፍሬን ስትይዝ ያው ሞተር ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፣ ሌላው መኪና ላይ በሸራና በዲስክ መሃል ሙቀት ሆኖ የሚጠፋውን ማለት ነው።

(አንድ ነገር እግረ መንገዴን፣ እኛ ያለንበት ከፍታ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፣ ባህር ዳርቻም ደብረ ብርሃንም ለሱ አንድ ነው። ሰው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲያወራ የነዳጅ ዋጋን ብቻ ነው የሚያነሳው፣ ለኛ ለደጋ ሰዎች ግን ይሄም ትልቅ ነገር ነው።)

እሺ፣ ወደ ሬሱ። ትራያል ማውንቴን ነው፣ ጌሙ ራሱ የፈጠረው የተራራ መንገድ፣ ዳገት ቁልቁለት አለው፣ ዋሻ አለው፣ ከዛ ረጅም ቀጥታ፣ መጨረሻ ላይ ጠባብ ግራ ቀኝ ኩርባ። እሱን ስነዳ ሁሌ የሚመጣብኝ ጣርማ በር ነው፣ ዋሻው ስላለ ብቻ አይደለም፣ ከዋሻው ወጥተህ መንገዱ ከስርህ ሲከዳህ ያለው ስሜት ነው። ጣርማ በርን ደግሞ የማውቀው በጋሼ በኩል ነው።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው፣ ደሴ መስመር ላይ ዕድሜያቸውን ኤፍኤስአር የጭነት መኪና የነዱ ሰው። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ጋቢና ውስጥ አስገብተው እስከ ሸዋ ሮቢት ይወስዱኝ ነበር፣ ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ መንገዱን ሲሸፍነው እኔ ስፈራ እሳቸው ድምፃቸው እንኳን አይቀየርም። ከዋሻው ሲወጡ ማርሽ ቀንሰው፣ ሞተር ፍሬኑን ይዘው፣ ቀስ ብለው ወደ ደብረ ሲና። «የወጣህበትን ማርሽ ይዘህ ውረድ» ይሉኛል፣ «ፍሬን ለመጨረሻ ነው፣ መንገዱን ሙሉ ፍሬን ከረገጥክ ስትፈልገው አታገኘውም»። ብዙ መኪና እዛ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ብሎታል፣ ሽታው ራሱ ከሩቅ ይመጣል። እሳቸው ኩርባው ሳይደርስ ነው ኩርባውን የሚጨርሱት፣ ሲደርሱ ምንም የሚያደርጉት ነገር የለም፣ መሪውን ያዞራሉ በቃ።

ፕሪየስን ትራያል ማውንቴን ላይ ስነዳው የገባኝ ይሄ ነው። ጉልበት ያለው መኪና ኩርባ ላይ ብታበላሽ ቀጥታው ላይ ነዳጅ ረግጠህ ትመልሰዋለህ። ፕሪየስ አይመለስም። 10 ኪሎሜትር በሰዓት ያለአግባብ ከጣልክ ያቺን ለመመለስ ቀጥታው ሙሉ ያልቅብሃል፣ ስለዚህ ፍጥነቱን እንደ እንስራ ውሃ ሳታፈስ ነው ይዘህ የምትዞረው። ፍሬን ትንሽ፣ በጊዜው፣ መሪ ለስለስ ያለ፣ መንገዱን በሙሉ ስፋቱ መጠቀም፣ ነዳጅ ቶሎ። እና ይሄ እኮ መኪናው ራሱ የተሠራበት ሐሳብ ነው፣ አንዴ ያገኘኸውን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት ለውጠህ አትጣለው ነው የሚለው። ጋሼም ያንኑ ነው ጣርማ በር ላይ የሚያደርጉት። ሦስቱም አንድ ሐሳብ ሆኑብኝ፣ ከዛ በኋላ መኪናውን መንዳት ቀለለኝ።

የመኪናውን ሞተር አልነካሁም። ጎማና ሰስፔንሽን ቀይሬያለሁ፣ እሱን አልደብቅም፣ ግን ጉልበት አንድም አልጨመርኩም። ተፎካካሪዎቹ በገባህ ቁጥር ስለሚቀያየሩ ጠንከር ያሉት እስኪመጡ እየወጣሁ እየገባሁ ቆየሁና 200 የሚል ሳይ ጀመርኩ። መሃላቸው ሆንዳ ኢንቴግራ ታይፕ አር አለች፣ 200 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ያላት፣ ከኔ በክብደትም የምትቀል። እሷን ካሸነፍኩ ሌላው ቀላል እንደሆነ አውቄያለሁ።

ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ደግሞ አለ፣ ማንንም አልገጭም፣ ግድግዳም አልደገፍም። እዚህ ጌም ውስጥ መኪና አይጎዳም፣ ኩርባ ላይ የሌላውን መኪና ጎን ተደግፈህ ፍሬን ሳትይዝ መዞር ይቻላል፣ ብዙዎቹ 200 ነጥብ የሚያገኙት እንደዛ ነው። ለኔ ያ ማሸነፍ አይደለም። ደካማ መኪና ይዘህ የገባኸው መንዳትህን ልታሳይ ከሆነ የሰው መኪና እንደ ግንብ ከተጠቀምክ ምኑን አሳየኸው?

ከኋላ ተነሳሁ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ቀጥታው ሲመጣ ጥለውኝ ሄዱ፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ኮምፒውተሩ የሚነዳቸው መኪኖች ግን ጠባይ አላቸው፣ መስመራቸውን አይለቁም፣ ኩርባ ሳይደርሱ አስቀድመው ፍሬን ይይዛሉ፣ ሲወጡም ነዳጅ ለመስጠት ይዘገያሉ። እኔ እነሱ ፍሬን የሚይዙበት ቦታ ላይ ገና እየገፋሁ ነው፣ ዋሻው ውስጥ አንዱን፣ ከዋሻው በላይ ያሉት ተከታታይ ኩርባዎች ላይ ሌላውን፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለተኛ ደረስኩ። ኢንቴግራዋ ግን ሩቅ ናት፣ ኩርባ ላይ እጠጋታለሁ፣ ቀጥታው ላይ ትለቀኛለች፣ እጠጋታለሁ፣ ትለቀኛለች፣ ዙሩ ደግሞ እያለቀ ነው።

ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላዬ ተቀምጠዋል፣ ራት ሊበሉ ነበር የመጡት፣ እኔ ስጫወት አይተው ዝም አሉ። የመጨረሻው ዙር ሲጀምር «ተዋት፣ አትከተላት፣ መንገዱን ተከተል» አሉኝ። ጌም ተጫውተው አያውቁም እኮ፣ ግን ያዩትን አዩ፣ እኔ እሷን እያየሁ ስለነበር ነው ኩርባው ላይ ከሷ እኩል ፍሬን የምይዘው።

ከቀጥታው በፊት ያለውን ኩርባ በሕይወቴ እንደዛ ንጹህ አድርጌ ዞሬው አላውቅም። ስወጣ ከኋላዋ ነኝ፣ ንፋሱን እሷ ትገፋልኛለች፣ ከኋላዋ ተደብቄ ብቻዬን የማልደርስበት ፍጥነት ላይ ደረስኩ፣ ቀስ እያለች ብትርቅም ካለፈው ዙር በጣም ያነሰ ነው። የመጨረሻው ግራ ቀኝ መጣ፣ እሷ እንደ ልማዷ አስቀድማ ፍሬን ያዘች፣ ቀይ መብራቱ በራ፣ እኔ ወደ ውጭ ወጣ ብዬ ነዳጁን ይዤ ቆየሁ፣ ቆየሁ፣ ከዛ አንዴ አጠር ያለ ፍሬን፣ ጎን ለጎን ገባን፣ አልተነካካንም፣ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ውስጠኛው መስመር የኔ ነበር። ከዛ እስከ መጨረሻው መስመር አጭር ነው፣ ጉልበቷን አውጥታ ለመድረስ ቦታ አልነበራትም። በመኪና ግማሽ ያህል ቀደምኳት። ጮህኩ፣ እናቴ ከኩሽና «ምን ሆንክ?» ብላ መጣች።

ሪፕሌዩን ከጋሼ ጋር አየነው። እሳቸው ስለ ነጥቡ ምንም አልጠየቁኝም፣ የጠየቁኝ ስለ መኪናው ነው። «ፍሬን ስትይዝ ባትሪ ይሞላል ነው የምትለኝ?» አዎ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ጣርማ በር ላይ ባትሪው ሞልቶ ሲያልቅስ?» አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ፣ ይሄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ወረቀት አወጣሁና አሰላነው፣ መኪናው ከነሰው 1,400 ኪሎ ቢሆን፣ ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት በትንሹ 1,500 ሜትር ቢወርድ፣ ክብደቱ የሚሰጠው ኃይል ከ5 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል። የፕሪየሷ ባትሪ ሙሉው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ያንንም ጥርግ አድርጋ አትጠቀምበትም፣ ዕድሜው እንዳያጥር ከመሃል አካባቢ ነው የምታሠራው። ንፋስና ጎማ የሚበሉትን ብትቀንስ እንኳን ሮቢት ሳትደርስ ይሞላል።

«ሲሞላ የቤንዚን ሞተሩን ያለ ነዳጅ ታዞረዋለች ጋሼ፣ ትርፉን ኃይል እዛ ላይ ነው የምትጨርሰው፣ ለዚሁ ተብሎ ማርሹ ላይ ቢ የምትል ቦታ አለች» አልኳቸው።

«እንግዲያው እሷም በማርሽ ነዋ የምትወርደው» አሉና ወደ ራታቸው ዞሩ።

ሴቭ አድርጌዋለሁ። ቀጥሎ እዛው መንገድ ላይ የ1999ኙን ሆንዳ ኢንሳይት እይዛለሁ፣ እሷም ሃይብሪድ ናት፣ ሁለት ወንበር፣ ሦስት ሲሊንደር፣ 1 ሊትር ሞተር፣ ክብደቷ ግን ከፕሪየስ 400 ኪሎ ገደማ ይቀላል፣ ስለዚህ ፍሬን የምይዝበት ቦታ ሁሉ ይቀየራል፣ እንደ አዲስ መማር ነው። ቅዳሜ ማታ እጀምራለሁ፣ ጋሼም እመጣለሁ ብለዋል።